ጨዋታም ቁም ነገር ነው

ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን



«ጨዋታውን ተወውና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» የምትል አነጋገር አለችን። በስብሰባ ላይ፣ በሽምግልና ላይ፣ በየቤታችንም ስንሰማት ኖረናል። እኔም በሙያዬ የማሽን መሐንዲስ ነኝና ይህችን አነጋገር እንደ ወርቅ ይዤ ኖሬአለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ጨዋታ ራሱ ቁም ነገር መሆኑን ነው፤ በተለይ ቤት ንብረቱን፣ እናት አባቱን ላጣ ልጅ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዕውቀት አይደለም፤ ጸጸት ነው። (ከምጠቅሳቸው ዓመታት «77» የምላት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት፤ ሌሎቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

የሰረዝኳት መስመር

ነገሩ የተፈጸመው በ2022 ነው። ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር፣ ሙንሽነር ሽትራሰ ላይ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ፎቅ ያለች ክፍል ተከራይተን ተሰብስበን ነበር። ይህን ሰፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1888 የተከፈተው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። በአንድ በኩል የባንኮቹ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች፣ በሌላ በኩል በየደጃፉ የተኮለኮሉ የአደንዛዥ ዕፅ ሰለባዎች፣ በመካከሉ የቱርኮች፣ የእኛና የኤርትራውያን ወንድሞቻችን ሱቆችና ምግብ ቤቶች። ሻንጣውን ይዞ ከባቡር የወረደ ስደተኛ መጀመሪያ የሚያየው ሰፈር ይኸው ነው።

ስብሰባችን ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን በመጠለያ ለነበሩ ልጆች ያዋጣነውን ገንዘብ ለመደልደል ነበር። ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ ደብተር ተባለ። ከዚያ በነርስነት የምታገለግል አንዲት እህታችን ተነሥታ ሌላ መስመር ይጨመር አለች። ከተፈናቃዮቹ መካከል ለሁለት ሴቶች የወር ደመወዝ፣ ለአንዲት ክፍል ኪራይ፣ ለምንጣፍ፣ ለኳስ፣ ለቀለም፣ ለጭቃና ለጨርቅ አሻንጉሊት መሥሪያ። ልጆቹ በትንንሽ ቡድን እየሆኑ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲጫወቱ፤ ሴቶቹም ለዚሁ ሥልጠና እንዲያገኙ። ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩና ብዕሬን አንሥቼ መስመሯን ሰረዝኳት። «ልጅ መጀመሪያ ይብላ፤ ጨዋታ የትም ይደርሳል» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እህታችን አልተከራከረችም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠብቃ «ወንድሜ፣ አንተ ራስህ እንዴት እንዳደግህ ረሳኸው?» ብላኝ ሄደች።

ተናደድኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ርዳታውን ላከፋፈሉልን መምህር ስልክ ደወልኩ። «ሁሉም ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉኝ። ዝም አሉና ደግሞ «ልጆቹ ግን ደብተሩን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አይጫወቱም» አሉ። ይህች ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ።

ካሩሴሉ

ከባንሆፍስፊርቴል ወደ መሀል ከተማ ሲወጡ፣ ካይዘርሽትራሰ ከጋሉስአንላገ መናፈሻ ጋር በሚገናኝበት ጥግ አንድ ካሩሴል ቆሟል። የዱሮ ልጆች እየዞሩ ይጫወቱበት የነበረውን ይመስላል። ከቢሮ ስመለስ ብዙ ቀን አልፌዋለሁ፤ መጫወቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ማታ ጠጋ ብዬ ሳነበው መታሰቢያ ሆኖ አገኘሁት። ያኤል ባርታና የተባለች የእስራኤል ተወላጅ አርቲስት ሠርታው በ2021 የተመረቀ ነው፤ ስሙም «የወላጅ አልባዎች ካሩሴል» ይባላል። በኅዳር 1938 ናዚዎች ምኩራቦችን ካቃጠሉ በኋላ አይሁድ ወላጆች ልጆቻቸውን ከዚሁ ከፍራንክፈርት ጣቢያ ብቻቸውን በባቡር ወደ ባዕድ አገር ይልኩ ነበር። ከጀርመንና ከአጎራባች አገሮች ወደ ብሪታንያ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተሻግረዋል። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ለዚህ ሁሉ መከራ መታሰቢያ የልጆች መጫወቻ ለምን ተመረጠ? ጥያቄው ወደ መጻሕፍት መራኝ። ባነበብኩ ቁጥርም መንገዱ ወደዚችው ከተማ ይመልሰኝ ጀመር።

ከሥነ ሕንፃ ወደ ልጆች

በ1805 ፍሪድሪኽ ፍሮበል የተባለ ወጣት ሥነ ሕንፃ ሊማር ፍራንክፈርት ገባ። የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ግን አግባብቶ መምህር አደረገው። ፍሮበልም ክፍል ውስጥ ገብቶ ልጆቹን ባየ ጊዜ ቦታው እዚያ እንደሆነ አወቀ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1840፣ «ኪንደርጋርተን» ማለትም የልጆች አትክልት ቦታ የሚለውን ስም ለዓለም ያወጣው እርሱ ነው። ሕንፃ ሠሪ ሊሆን የመጣው ሰው ለልጆች የእንጨት ብሎኮች አዘጋጀ። ትምህርቱም፣ ጨዋታ ለሕፃን ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን ውስጡን ወደ ውጭ የሚያወጣበት ዋና ሥራው ነው የሚል ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ኪንደርጋርተንን አገደ፤ እገዳው እስከ 1860 አልተነሣም። ፍሮበል በ1852 ሲሞት እገዳው እንደጸና ነበር። ሕፃናት ተሰብስበው የሚጫወቱበትን ቤት የሚፈራ መንግሥት ምን ያህል ጨዋታ ኃይል እንዳለው ሳይወድ መሰከረ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ የሆነው የልጅ ልጁ ያደረገውን ጽፏል። ሕፃኑ እናቱ ትታው ስትወጣ አያለቅስም ነበር። በክር የታሰረች የእንጨት ማጠንጠኛ ወርውሮ ይሰውራታል፤ መልሶ ይጎትትና ስትመጣ ይደሰታል። እናቱን ሄዳ ትመለስ ዘንድ ማዘዝ አይችልም፤ ማጠንጠኛዋን ግን ያዛታል። የደረሰበትን እርሱ ራሱ አድራጊ ሆኖ ይደግመዋል። በጨዋታ የመፈወስ ምስጢሩ ከዚህ ይጀምራል። የፍራንክፈርት ከተማ በ1930 ለፍሮይድ የጎተ ሽልማትን ስትሰጠው ታሞ መምጣት ስላልቻለ ንግግሩን እዚህ መጥታ ያነበበችለት ልጁ አና ናት። በኋላ እንደምናየው፣ የተጎዱ ልጆችን በጨዋታ የማከምን ጥበብ ካስፋፉት አንዷ እርሷ ሆነች።

ቡድን መድኃኒት ሲሆን

በ1929 በፍራንክፈርት የሳይኮአናሊሲስ ተቋም ተከፈተ፤ ካርል ላንዳወር ከመሥራቾቹ ዋናው ነበር። ቦታው ከባንሆፍስፊርቴል በእግር ሃያ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ከሐኪሞቹ አንዱ ዚግመንድ ሃይንሪኽ ፉክስ ይባላል። ቀደም ሲል እዚሁ ከተማ ኩርት ጎልድሽታይን ከሚባል የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሠርቷል። ጎልድሽታይን አንዲት የነርቭ ሕዋስ ከመላው መረብ ተነጥላ ልትታይ እንደማትችል ያስተምር ነበር። ፉክስም ይህን ወደ ሰው አዞረው፤ ሰው በሰዎች መረብ ውስጥ እንደሚታመም ሁሉ የሚድነውም በመረቡ ውስጥ ነው አለ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ተቋሙ ተበተነ። ላንዳወር ወደ ሆላንድ ሸሸ፤ በኋላ ተይዞ በጥር 1945 በበርገን ቤልሰን ካምፕ በረሃብ ሞተ። ፉክስ ወደ እንግሊዝ ተሰደደና ስሙን ፎልክስ አለው። በጦርነቱ መጀመሪያ በኤክሰተር ከተማ በሽተኞቹን በየተራ ከማነጋገር ይልቅ በአንድነት በክብ አስቀመጣቸው። ከ1943 ጀምሮ ኖርዝፊልድ በሚባል ወታደራዊ ሆስፒታል በጦርነት አእምሯቸው የተጎዳ ወታደሮችን በዚሁ መንገድ አከመ። ዛሬ የቡድን ሕክምና የሚባለው ሙያ ከዋና ምንጮቹ አንዱ ይህ ከፍራንክፈርት የተሰደደ ሐኪም ነው። በልጆች በኩል ደግሞ ሳሙኤል ስላቭሰን በ1934 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቂት ልጆችን አሰባስቦ በሥራና በጨዋታ ማከም ጀመረ።

እኛስ ይህን አናውቀውም? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያለው ማን ሆነና!

ስድስቱ ልጆች

ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ግን ይህ ነው። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ሦስት ወንድና ሦስት ሴት፣ ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ አራት ዓመት የሚሆን ስድስት ልጆች ከቴሬዚን ካምፕ ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። ወላጆቻቸውን ገና በጨቅላነታቸው ያጡ ናቸው። ቡልዶግስ ባንክ በሚባል የገጠር ቤት አንድ ዓመት ያህል ተቀመጡ። ታሪካቸውን አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን በ1951 ጽፈውታል።

ልጆቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሰጣቸውን አሻንጉሊት ሁሉ ሰባበሩ። አዋቂ ሲቀርባቸው ይናከሱ፣ ይማቱ ነበር። እርስ በርሳቸው ግን አይለያዩም። ምግብ ሲሰጣቸው ከራሳቸው አስቀድመው ለጓደኛቸው ያስባሉ። አንዱ ቢቀር ሌሎቹ አይሄዱም። ምሁራኑ ያዩት ነገር፣ እናት ያላወቁ ልጆች አንዳቸው ለሌላቸው እናት መሆናቸውን ነው። ሞግዚቶቹም ቡድኑን አልበተኑትም፤ በቡድኑ በኩል ቀስ ብለው ገቡ። ወራት ሲያልፉ ልጆቹ መስበር ትተው መጫወት፣ ከመጫወትም አዋቂን ማመን ጀመሩ።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ስለ ስድስቱ ብቻ አልነበረም።

የስንዴው ጨዋታ

የተወለድኩት ወሎ ነው። በ77ቱ ረሃብ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴና ታናሽ እህቴ በመጠለያ ሞቱ፤ እኔ ወደ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰድኩ። ፋፋ አበሉን፣ ወተት አጠጡን፣ ብርድ ልብስ ሰጡን። ስላበሉኝ ሰዎች ክፉ አልናገርም፤ ሥጋዬን የመለሱት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ለወራት ቃል አልተናገርኩም ነበር። ዲዳ ነው ተብሎ በመዝገብ ተጽፎብኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ልጆቹ አንድ ጨዋታ ፈጠሩ፤ ስንዴ ማደል። ድምፁ ወፍራም የሆነው ልጅ ጸሐፊ ይሆናል። በካርቶን ቁራጭ ላይ ስም ይጠራል። እኛ እንሰለፋለን። ስንዴው ጠጠር ነው። ጸሐፊው አንዱን ልጅ ይመርጥና «አንተ! ስምህ የለም!» ይላል። ሁላችንም መጠለያ ውስጥ የሰማናት ቃል ናት፤ ትርጉሟንም እናውቃለን። በጨዋታው ግን የተሰለፈው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አለ! አለ!» እያለ ይጮኻል። ጸሐፊውም ተሸንፎ ጠጠሩን ይሰፍርለታል።

ኃላፊዎቹ ይህን ሲያዩ «ሟርት ነው» ብለው ከለከሉን። ወጥ ሠሪዋ ግን፣ «እማማ» እንላቸው የነበሩት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ እንድንጫወት ፈቀዱልን። መስፈሪያ የምትሆን ጣሳም አዋሱን። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እሳቸው ሽንኩርት እየላጡ ያዩናል፤ አይገቡብንም። ሁለት ሕግ ብቻ ሰጡን። መማታት የለም፤ ሲያበቃም ጠጠሩ ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቆ ለሁሉም እኩል ይታደላል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ የለም። አንድ ቀን «ስምህ የለም!» የተባለው ከፊቴ የተሰለፈው ትንሽ ልጅ ነበር። «አለ!» አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናገራለሁ።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ባለሙያዎች የጻፉትን ሳነብ የእማማን ወጥ ቤት ጀርባ አገኘሁት። በጨዋታ የሚታከም የልጆች ቡድን ትንሽ ነው፤ ስድስት ወይም ስምንት ልጅ ቢሆን ነው። ቦታው አይለዋወጥም፤ ሰዓቱም አይለዋወጥም፤ አብራቸው የምትሆነው ሰው ያችው ናት። መጫወቻው ቀላል ነው፤ ጭቃ፣ ቀለም፣ ጨርቅ፣ አሻንጉሊት። ሕጉ ጥቂት ነው፤ ራስን፣ ጓደኛንና ዕቃን አለመጉዳት። ልጁ የፈለገውን ይጫወታል፤ ጦርነቱን፣ ቀብሩን፣ ስደቱን። አዋቂዋ አትቆጣም፤ አታርምም፤ ያየችውን ትናገርለታለች። መጀመሪያና መጨረሻው በመዝሙር ወይም በአንድ የተለመደ ነገር ይታሰራል፤ ልጁ ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለበትና። ዓለሙ የፈረሰበት ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው የማይፈርስ አንድ ሰዓት ነው።

በአማርኛችን «ጨዋታ» ሁለት ትርጉም እንዳለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳ ሲመጣ «ተጫወት» እንለዋለን፤ ተናገር ማለታችን ነው። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛዋን «አጫውቷት» እንላለን። ጎረቤት በድንኳን ሰንብቶ፣ ካርታም ተጫውቶ፣ ለአዋቂው ሐዘንተኛ ብቻውን አይደለህም ይለዋል። እድር ያቆመልን የቡድን ሕክምና ይኸው ነው። ልጆቹንስ? «ልጆቹን ከዚህ ውሰዷቸው» እንላለን። አባቱ የሞተበት ልጅ ጎረቤት ቤት ተደብቆ ይቆያል፤ የሚያጫውተው የለም። ልጅ ሐዘኑን በአዋቂ ቋንቋ አይናገርም። የእርሱ ቋንቋ እቃ እቃ ነው፤ አኩኩሉ ነው፤ ስንዴ ማደል ነው።

ማስረጃውስ?

መሐንዲስ ነኝና ቁጥርና ልኬት እወዳለሁ፤ አንባቢም ማስረጃ ቢጠይቀኝ ተገቢ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ በከባድ የምግብ እጥረት ታመው የተኙ ከስድስት ዓመት በታች ሕፃናትን ተመራማሪዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለሁሉም የተለመደው ምግብና ሕክምና ተሰጠ። ለአንደኛው ወገን ግን በሆስፒታልም በቤትም ከአሳዳጊው ጋር የሚጫወትበት መርሐ ግብር ተጨመረለት። በ2019 የታተመው ውጤት፣ የተጫወቱት ሕፃናት በአካልና በእጅ እንቅስቃሴ ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ ማሳየታቸውን ይናገራል፤ በቋንቋና በማኅበራዊ ጠባይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልወጣም። ልብ በሉ፤ የተራበ ሕፃን እንኳ በምግብ ብቻ እኩል አልቆመም።

በ2012 ደግሞ ዶሎ አዶ አጠገብ፣ ቡራሚኖ የሶማሊያ ስደተኞች ካምፕ፣ ልጆች በቡድን የሚጫወቱባቸውና የሚማሩባቸው ቦታዎች ተጠንተዋል። ይህን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተደረጉት ጥናቶች በ2019 አንድ ላይ ሲመዘኑ ጥቅሙ መጠነኛ ሆኖ ተገኘ፤ ከታዳጊዎቹም ይልቅ ለትንንሾቹ በለጠ። ስለዚህ ተአምር ነው አልልም። ኳስ ወርውሮ መሄድም ሕክምና አይደለም፤ የሠለጠነች፣ የማትለዋወጥና የምትታገሥ ሰው ትፈልጋለች። በከባዱ የታመመ ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል። ይሁንና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ለእያንዳንዱ የተፈናቀለ ልጅ አንድ ሐኪም እንጠብቅ ብንል ልጁ አርጅቶ ይሞታል። ለስምንት ልጅ አንዲት እማማ ግን ከጎረቤት ትገኛለች።

«የራበው ልጅ ምን ጨዋታ ያምረዋል?» የሚሉኝ አሉ። እኔም ብያለሁ። ዱቄቱ ይቅር አላልኩም። ዱቄቱ ሲላክ ሁለተኛዋ መስመር አትሰረዝ ነው የምለው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ልጁ የሚያቦካው ለእራት አይደለም።

በሙያዬ አንድ ቃል አለች። ጀርመኖች ጨዋታን «ሽፒል» ይሉታል። ሁለት የብረት ክፍሎች ሲገጣጠሙ በመካከላቸው የሚተወውን ጥቂት ክፍተትም «ሽፒል» ይሉታል። ሽፒል የሌለው ማሽን ብረቱ ሲግል ይጣበቅና ይቆማል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማሽን ክፍተት ስተው ኖሬ፣ ለልጆቹ ስትሆን በብዕር ዘጋኋት።

ነገሬን ስጠቀልል

የካሩሴሉ ልጆች ከዚህ ጣቢያ ተሳፍረው ሄደዋል። የእኛ ልጆች ደግሞ በዚሁ ጣቢያ ይወርዳሉ። ሰሐራንና ሜዲትራኒያንን ብቻቸውን አቋርጠው ባንሆፍስፊርቴል ሲደርሱ ያየናቸው የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች አሉ። ወረቀታቸውን እንጠይቃቸዋለን፣ ቋንቋ ተማሩ እንላቸዋለን፤ አጫውተናቸው ግን እናውቃለን? በአገር ቤትም ከትግራይ፣ ከአፋር፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከየትም ይሁኑ ጦርነት ያፈናቀላቸው ልጆች የማን ወገን እንደሆኑ ጨዋታቸው አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስሙ የተዘለለ ልጅ ሲኖር «አለ!» የሚል ጓደኛ መኖሩን ብቻ ነው።

ማኅበራችን በቅርቡ እንደገና ይሰበሰባል። ገንዘብ ያዡ ዛሬም እኔ ነኝ። ከዱቄቱና ከደብተሩ በታች የሁለት ሴቶች ደመወዝ፣ የአንዲት ክፍል ኪራይ፣ ምንጣፍ፣ ቀለም፣ ኳስ ብዬ መስመሯን በራሴ እጅ ጽፌአታለሁ። አንዲት ጣሳም ጨምሬበታለሁ። እህታችንን በስብሰባው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። በየከተማው ያላችሁ ወገኖችም ለልጆች ስታዋጡ ይህችን መስመር እንዳትሰርዙ አደራ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።